የኋላው ወንበር የማን ነው? ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ መኪኖች በንጽጽር

በናይሮቢ የንጎንግን መንገድ ተከትለው በተደረደሩት ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢዎች ውስጥ የቅዳሜ ረፋድ ትዕይንት ብዙም አይለዋወጥም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመጣል። አባት ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ያያል፤ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጣቱ ያሻል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይፈልጋል። እናት መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የጨርቁን ንጽሕናና የማቀዝቀዣውን ንፋስ ትመረምራለች። ልጆቹ እየተሳሳቁና እየተገፋፉ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዘለው ይገባሉ። ሻጩ «ሰባት ሰው ይይዛል» ይላል፤ ወዲያው የዋጋ ክርክር ይጀመራል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል የሞከረ አዋቂ አይገኝም። የሚገርመው ግን ቤተሰቡ ባለ አምስት ወንበሩን ትቶ ለትልቁ መኪና ተጨማሪ ገንዘብ ለመክፈል የተነሣው በዚያው ረድፍ ምክንያት መሆኑ ነው።

ባለ ሦስት ረድፍ መኪኖችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎችም፣ የጓደኛና የመካኒክ ምክሮችም ከዚህ ትዕይንት ብዙ አይርቁም። ንጽጽሩ ከሞተር ይጀምራል፤ ወደ ነዳጅ ፍጆታ፣ ከዚያም ወደ መለዋወጫና ወደ መልሶ መሸጫ ዋጋ ያልፋል። ሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ለልጆች ይበቃል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። መኪናው የሚገዛው ለመጨረሻው ረድፍ ከሆነ ምርመራውም መጀመር ያለበት ከዚያው ረድፍ ነው።

ስም ያልወጣለት ወንበር

የአማርኛ የመኪና ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጋቢና፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖርቶ መጋላ፣ ስኮርታ የማያውቅ ሾፌር የለም። እያንዳንዱ የመኪና ክፍል የራሱ ስም ሲኖረው ሦስተኛው ረድፍ ግን እስካሁን ስም አልወጣለትም። «ሦስተኛ ረድፍ» የሚለው አጠራር ከማስታወቂያ የተተረጎመ ነው፤ በሕዝብ አፍ ያለው «የኋላ ወንበር» ነው። የኋላ ወንበር ሲባል ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት ሰው የተሠራው ላይ አራተኛውን የሚያስገባበት የሚኒባስ ታክሲ ነው። ከዚህ ልምድ የመጣ ገዢ «ሰባት ሰው ይይዛል» ሲባል አይጠራጠርም። ጠጋ ካሉ ስምንትም ዘጠኝም እንደሚይዝ ያውቃልና።

በአምራቹ ቋንቋ ግን «ሰባት መቀመጫ» ማለት ሰባት ቀበቶ ማለት ነው። ቃሉ ቁጥሩን እንጂ የተቀማጩን ቁመት፣ ዕድሜም ሆነ የጉዞውን ርዝመት አይናገርም። አንዳንድ አምራቾች ይህን በግልጽ ማስቀመጣቸው ያስመሰግናቸዋል። ማዝዳ ሲኤክስ-8 የተባለውን መኪናውን ሲያቀርብ ሦስተኛው ረድፍ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው እንዲመች ተደርጎ መሠራቱን ተናግሯል። ኒሳን በበኩሉ ባለ ሰባት መቀመጫው አዲሱ ኤክስ-ትሬይል የኋላ ወንበሩ እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው መሆኑን አስታውቋል። ሁለቱም «ሰባት ሰው» የሚል አንድ ዓይነት ስም ቢለጠፍባቸውም የሚሸከሙት ቤተሰብ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ሻጮች ይህን ልዩነት አያነሡትም፤ ብዙዎቹ ገዢዎችም አይጠይቁም።

ከምርጫው በፊት ሕጉ ይመርጣል

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ነዋሪ የሆነ ገዢ በዓለም ያለውን መኪና ሁሉ ደርድሮ አይመርጥም። በኬንያ ያገለገለ መኪና ወደ አገር የሚገባው መጀመሪያ ከተመዘገበበት ጊዜ አንሥቶ 8 ዓመት ያላለፈው ከሆነ ነው፤ መሪውም በቀኝ በኩል መሆን አለበት። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለችው ሕግ 15 ዓመት ያለፈው መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ከተዛወረች ወዲህ መኪኖቿ መሪያቸው በግራ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እጅግ ካከበደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል።

ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የተቀዳ ንጽጽር ለዚህ አካባቢ ነዋሪ እምብዛም አይጠቅምም። ናይሮቢ ያለው ቤተሰብና አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ አንድ ዓይነት መኪና ለመግዛት ቢመኙ እንኳ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። በመሆኑም እዚህ የሚታዩት ሦስት መኪኖች አንድ ገበያ ላይ የቆሙ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ አንድን ጥያቄ በሦስት መንገድ የመለሱ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ 150 ነው፤ ሁለተኛው የማዝዳ ሲኤክስ-8፣ ሦስተኛው ደግሞ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደው የቮልስዋገን አይዲ-6። ጥያቄው አንድ ነው፦ ርዝመቱ 5 ሜትር በማይሞላ መኪና ውስጥ ሰባት ሰው እንዴት በክብር ይቀመጣል?

ፕራዶ፦ ከስሙ በስተኋላ

ፕራዶ 150 እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ እስከ 2023 ድረስ በመሠረቱ ሳይለወጥ የቆየ መኪና ነው፤ ተተኪው 250 ይፋ የሆነው በዚያው ዓመት ነበር። በዚህ አካባቢ ስሙ ከመኪናነት አልፏል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የሠርግ አጃቢ ሁሉ ተሳፍሮበታል። መካኒክ የሌለበት ከተማ ስለሌለ፣ ሲሸጥም ዋጋውን ብዙ ስለማይጥል ገዢው የሚያጣው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ፕራዶን የሚነቅፍ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ማመን ይገባዋል።

ከኋላ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ፕራዶ አካሉ በሻንሲ ላይ የተጫነ፣ የኋላ ጎማዎቹም በአንድ ድፍን አክስል የተገናኙ መኪና ነው። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ከላዩ ያለው ወለል ከፍ ማለት ግድ ሆኖበታል። ወለሉ ሲነሣ ጣራው አብሮ ስላልተነሣ ወንበሩ ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ውጤቱ እዚያ የተቀመጠ አዋቂ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ቀርቦ፣ ጭኑ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫው ላይ ማረፉ ነው። ለሃያ ደቂቃ ችግር የለውም። ከናይሮቢ ናኩሩ ግን ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ረጅም መንገድ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም 2.79 ሜትር ብቻ ነው፤ የመኪናው ርዝመት የሚሄደው ለኮፈኑና ለግዙፉ አካል ነው።

ዕቃን በሚመለከት ሒሳቡ ይብሳል። ሰባቱም ወንበር ሲዘረጋ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ 120 ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሰባት ሰው ለበዓል ሲጓዝ የሚይዘው ዕቃ በዚህ አያልቅም። ቀሪው ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ ከመጀመሪያውም ቁመቱ ረጅም የሆነ መኪና አናቱ ላይ ሸክም ሲታከልበት በኩርባ ላይ ይበልጥ ይወዛወዛል።

ወደ ናይሮቢ የሚገቡት ብዙዎቹ ፕራዶዎች ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ናቸው። ሞተሩ ጠንካራና ለጥገና ቀላል ቢሆንም ጉልበቱ 163 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ተርቦ የለውም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ናይሮቢ ስድስተኛ ያህሉ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ከአምስት አንዱ እጅ ይቀራል ማለት ነው። ከሁለት ቶን የሚበልጥ መኪና ሰባት ሰው ጭኖ በሊሙሩ አቀበት ከባድ መኪና ለመቅደም ሲሞክር ይህ የወረቀት ቁጥር የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ባለ 2.8 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ተርቦ ስላለው ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው፤ ስለዚህ «ፕራዶ ጉልበታም ነው» የሚል ሰው የትኛውን ፕራዶ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሲኤክስ-8፦ ያልተዘመረለት

ማዝዳ ሲኤክስ-8 እ.ኤ.አ. በ2017 ለጃፓን ገበያ ቀረበ፤ በዚያ አገር ገበያ የቆየው እስከ 2023 መጨረሻ ነው። ያገለገሉት አሁን ወደ ሞምባሳ ወደብ የሚመጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ከፕራዶ የሚረዝመው በ10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆንም በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.93 ሜትር ነው፤ ከርዝመቱ ብልጫ የሚበልጠው ክፍል ለተሳፋሪው ተሰጥቷል። አካሉ ከሻንሲ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለሆነ ወለሉ ዝቅ ብሏል። የተቀማጩ እግርም ወደታች መውረጃ ቦታ አግኝቷል። ሰባቱም ወንበር ተዘርግቶ ከኋላ የሚቀረው ቦታ 240 ሊትር ገደማ ነው፤ በስፋት የሚደነቅ ባይሆንም የፕራዶ እጥፍ ነው።

የዚህ መኪና ትልቁ ሐሳብ ግን በቁጥር የሚገለጽ አይደለም። ባለ ስድስት ወንበሩ ዓይነት መካከለኛው ረድፍ ላይ ሁለት የተነጣጠሉ ወንበሮች አሉት፤ በመካከላቸው መተላለፊያ ያለውም ይገኛል። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሳምንት ይረዱታል። በሌሎቹ መኪኖች ወደ ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት መካከለኛው ወንበር መታጠፍ ወይም ወደ ፊት መንሸራተት አለበት፤ በላዩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ከታሰረ ግን ያ ወንበር እንደ ልብ አይታጠፍም። ሁለት ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ባለ ሰባት ወንበር መኪና ገዝቶ ሦስተኛውን ረድፍ በኋላ በር ካልሆነ በቀር ሊደርስበት ሳይችል ይቀራል። አንድ ወንበር በመቀነስ መንገድ መክፈት ከሰባት ስድስት ይበልጣል ማለት ነው፤ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ግን ሁልጊዜ ሰባቱ ያሸንፋል።

ነቀፋ አይጠፋለትም። ባለ 2.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ 190 የፈረስ ጉልበት ያለውና ተርቦ የተገጠመለት ስለሆነ ከፍታን አይፈራም። ሆኖም የጭስ ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ያለ ጉዞ ሲያደርግ ነው። ከኪሊማኒ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ይታፈናል፤ ወጪውም ያስደነግጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ባለ ቤንዚኑ ዓይነት ይሻላል። መለዋወጫውም እንደ ቶዮታ በየመንደሩ አይገኝም። ከመሬት ያለው ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም ሻንሲ ላይ እንደ ተጫነ መኪና ድንጋያማ መንገድ ላይ ለዓመታት የሚቀጠቀጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ መንገድ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን ፕራዶን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት የሞያሌ መንገድ ትዝታ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙ መኪና የሰባበረ፣ ብዙ ሾፌር ያሳደረ ነበር። ያ መንገድ በ2010ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ አስፋልት ለብሷል። መኪና ግን ዛሬም በአሮጌው መንገድ ልክ ይገዛል። በዓመት ሦስት መቶ ቀን በአስፋልት ለሚነዳ ቤተሰብ የትላንትን መንገድ ፈርቶ ድፍን አክስል መግዛት የኋላ ተቀማጮችን ጉልበት ለትዝታ ማስያዝ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

አይዲ-6፦ ጸጥታና እንግድነት

ቮልስዋገን አይዲ-6 እ.ኤ.አ. በ2021 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አምራቹ ለኢትዮጵያ ያላሰበው መኪና በነጋዴዎች ብርታት የአዲስ አበባ የቤተሰብ መኪና መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የሞተር ክፍል እንደ ነዳጅ መኪና ቦታ ስለማይሻማ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.965 ሜትር ደርሷል፤ ርዝመቱ ግን 4.88 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሦስቱ ለሰው ብዙ ርዝመት የሰጠው ይህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ በእንጦጦ አቀበት እንደ ቦሌ ሜዳ ይሄዳል። በጸጥታው ምክንያት የኋላው ተቀማጭ የጋቢናውን ጨዋታ ይሰማል፤ አያትና የልጅ ልጅ ሳይጮኹ ይነጋገራሉ። ይህ በመኪና ንጽጽር ውስጥ ዓምድ የማይሰጠው፣ በቤተሰብ ጉዞ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ደካማ ጎኑ ከሥሩ ይጀምራል። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ብሏል፤ የፕራዶን ጉልበት ያነሣው አክስል ሲሆን እዚህ የሚያነሣው ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ 84.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን በቻይና መለኪያ 588 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ተብሏል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በወረቀት ላይ ይበቃል። ሰባት ሰው ተጭኖ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ማቀዝቀዣ ተከፍቶ ግን ያ ቁጥር አይገኝም፤ ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የመሙያ ቦታ ሳያረጋግጡ መውጣት አይገባም። የመሙያው መሰኪያ የቻይና ዓይነት ነው፤ የመቆጣጠሪያው ጽሑፍ በአብዛኛው ቻይንኛ ነው፤ ከቻይና ውጭ የፋብሪካ ዋስትና የለውም። ገዢው የማያነበውን ማስጠንቀቂያ እያየ ልጆቹን ይዞ የሚነዳ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው እንደሌለ ይቆጠራል።

ያልተጋበዘው አራተኛ

ንጽጽሩ ከቦታ አንጻር ብቻ ቢሆን ሦስቱንም የሚያሳፍር መኪና አለ፦ ቶዮታ ኖህ። ርዝመቱ 4.7 ሜትር ያህል ሆኖ በጎማዎቹ መካከል 2.85 ሜትር አለው። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ በሩ ስለሚንሸራተት አያት ጎንበስ ሳይሉ፣ ሳይንጠለጠሉ ይገባሉ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ልጅ በሩን ከጎረቤት መኪና ጋር አያጋጭም። ታዲያ ናይሮቢ ያለው ባለ ብዙ ልጅ ቤተሰብ ለምን ይሸሸዋል? መልሱ ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማይናገረው ነው። ኖህ በኬንያና በታንዛንያ ብዙ መስመሮች ሕዝብ የሚያመላልስ መኪና ነው፤ በሠርግና በለቅሶ ግቢ ሲቆም «ሥራ ነው?» ያሰኛል። ፕራዶ ግን በር ያስከፍታል።

ክብር መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሰው ለልብሱም ለቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። ነውሩ ለክብር የተከፈለውን ዋጋ «ለቤተሰብ ስፋት» ብሎ መጥራት ነው። ለውጭ ተመልካች የተገዛ መኪና ከውስጥ ሲጠብ የሚከፍለው ገዢው አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ይቀመጣል?

በዚህ አካባቢ ቤተሰብ ውስጥ የመቀመጫ ሥርዓት የታወቀ ነው። መሪው የአባት ወይም የእናት ነው። ጋቢናው ለሽማግሌ ወይም ለእንግዳ ይለቀቃል። መካከለኛው ረድፍ የሕፃናትና የሚያቅፏቸው ነው። የኋላው የቀሩት ነው፦ ከፍ ያለው ልጅ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ለትምህርት የመጣው የአጎት ልጅ፣ አንዳንዴም ሁለተኛዋ አያት «እኔ ምን አለኝ፣ የትም ይበቃኛል» ብለው። እነዚህ ሰዎች መኪናው ሲገዛ የሚጠየቁ አይደሉም። ለዚህ ነው የኋላው ወንበር ጉዳይ ከምቾት አልፎ የፍትሕ ጥያቄ የሚሆነው።

ስለ ደህንነትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ ፈታሽ ተቋም መኪኖችን አጋጭቶ ኮከብ ሲሰጥ የሰው አምሳያዎቹን የሚያስቀምጠው ከፊትና በመካከለኛው ረድፍ ነው። አምስት ኮከብ ማለት ለኋላው ተቀማጭም አምስት ኮከብ ማለት አይደለም። በብዙ መኪኖች የሕፃን መቀመጫ ማሠሪያ የሆነው አይሶፊክስ በሦስተኛው ረድፍ አይገኝም። ሌላ መኪና ከኋላ ቢመታ የተቀማጩ ራስ ከኋላው መስታወት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ገዢው በዓይኑ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ቀበቶው በትከሻና በወገብ የሚያልፍ መሆኑ፣ የራስ መደገፊያው እስከ አዋቂ ራስ መነሣቱ፣ የመጋረጃ ኤርባጉ እስከ መጨረሻው መስኮት መድረሱ፣ የማቀዝቀዣ ቀዳዳ መኖሩ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ተግባራዊ ባደረገችው ደንብ ለማታቱ ተሳፋሪ እንኳ ቀበቶ ስታስገድድ፣ የገዛ መኪናው የኋላ ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ የሚያውቅ ባለቤት ሊያፍር ይገባል።

አንድ ተጨማሪ የወረቀት ምሥጢር አለ። በጃፓን የአንድ መኪና ጠቅላላ ክብደት በሰነድ ላይ ሲሰላ እያንዳንዱ ተሳፋሪ 55 ኪሎ ግራም ተደርጎ ይቆጠራል። ሰባት ሰው 385 ኪሎ ነው ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሰባት አዋቂዎች ግን 490 ኪሎ ናቸው፤ በዚህ ላይ ሻንጣው፣ በርበሬውና የቡና ጆንያው አልታከለም። ልዩነቱን የሚሸከሙት ጎማው፣ ሞላውና ፍሬኑ ናቸው። የጎማ አየር በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ ካልተጨመረ ጎማው በረጅም መንገድ ይግላል።

ለተቃውሞው መልስ

«ሦስተኛው ረድፍ የሚዘረጋው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለዚያ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም» የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ተናግሯል። ከዚያ የሚከተለው ግን እሱ እንዳሰበው አይደለም። በእርግጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሰፊ ባለ አምስት ወንበር ገዝቶ ለሁለቱ ቀን ሚኒባስ መከራየት ይረክሳል፤ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም ይቀንሳል። በየቀኑ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ መጨነቁ ተገቢ ነው። መካከለኛው አቋም፣ ማለትም በየቀኑ ለማይጠቀሙበት ረድፍ ከፍሎ በሚጠቀሙበት ቀን ሰውን ማስጨነቅ፣ ከሁለቱም ይከፋል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። በአስፋልት የሚኖር፣ ትንንሽ ልጆችና አያት ያሉት የናይሮቢ ቤተሰብ ከሦስቱ የሚጠቅመው ባለ ስድስት ወንበሩ ሲኤክስ-8 ነው፤ የናፍጣውን ማጣሪያ ጉዳይ ከአረጋገጠ። ሥራው ከዋናው መንገድ የሚያወጣው፣ ከኋላ የሚጭነውም በአብዛኛው ዕቃ የሆነ ሰው ፕራዶን ቢገዛ አይቆጭም፤ በሦስተኛው ረድፍ ስም ብቻ ግን አይግዛው። በአዲስ አበባ በግቢው ባትሪ መሙላት የሚችል ቤተሰብ አይዲ-6 ያስደስተዋል፤ የሚጠግንለት ሰው ማን እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ካወቀ። ክብሩን በሌላ መንገድ ያገኘ ሰው ደግሞ ኖህን ይግዛ፤ ወላጆቹ ይመርቁታል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ቅዳሜ ረፋድ ወደ መሸጫው የሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ሰዎች ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፦ ከቤቱ ረጅሙን ልጅና በዕድሜ የገፉትን አያት። የልጆቹ መቀመጫዎች መካከለኛው ረድፍ ላይ ይታሰሩ። ከዚያ ሁለቱ ያለ ማንም እርዳታ ወደ ኋላ ለመግባት ይሞክሩ። በሩ ይዘጋ፤ መኪናው ግማሽ ሰዓት ጉድጓድ ባለበት መንገድ ይነዳ። ሲመለሱ ስለ ሞተሩ ሻጩ ይጠየቅ፤ ስለ መኪናው ግን አያት ይጠየቁ።